ከአያቴ በላይ ያለው ስም

ኮሌጅ በገባሁበት የመጀመሪያ ሴሚስተር የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ ጽሑፍ አዘዘችን። የቤተሰባችሁ ስም ከየት መጣ፣ ዛሬስ በየትኞቹ አገሮች ይገኛል፤ ስድስት ገጽ፣ ምንጮቹ ተጠቅሰው። ሌሎቹ ተማሪዎች አጉረመረሙ። እኔ ሁልጊዜ ከፊት ስለምቀመጥ ማጉረምረም አልችልም፤ ደግሞም ቀላል መስሎኝ ነበር። የእኔ ስም ፈረንሳይኛ ነው። ስለ ፈረንሳይኛ ስሞች ደግሞ ዳውንታውን ኦክላንድ ያለው ቤተ መጻሕፍት ብዙ መጽሐፍ አለው።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ትርጉሙ ግን «ከወፍጮው» እንደ ማለት ነው። መጽሐፎቹ እንደሚሉት ድሮ ፈረንሳይ ውስጥ ሰው የሚጠራው በክርስትና ስሙ ብቻ ነበር። አንድ መንደር ውስጥ አንድ ዓይነት የክርስትና ስም ያላቸው ሲበዙ አንዱን ከሌላው ለመለየት ቀዩ፣ አጭሩ፣ ከወንዝ ማዶ ያለው፣ ወፍጮው ዘንድ የሚኖረው ማለት ተጀመረ። ቄሶች በመዝገብ ጻፉት። ልጅ ከአባቱ ወረሰው፤ የልጅ ልጁ ወፍጮ አይቶ የማያውቅ ቢሆንም ስሙን ይዞ ቀጠለ። ወፍጮ የሌለበት አውራጃ ስላልነበረ ስሙም በብዙ ቦታ ለየብቻው በቀለ። ስለዚህ ይህን ስም የያዙ ሁለት ሰዎች ዘመዳሞች ናቸው ማለት አይቻልም። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ገልብጬ ከሥሩ አሰመርኩበት። ከዚያ ስሙ በመርከብ ወደ ካናዳ፣ ወደ ሉዊዚያና፣ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሄደ። በሁለት ቅዳሜ አራት ገጽ ጻፍኩ። የቀረኝ ስሙ ወደ እኔ እንዴት እንደ ደረሰ መጻፍ ነበር፤ እሱን ደግሞ ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም።

አባቴ የሚያውቀው ይህን ያህል ነው። አያቴ ድሬዳዋ በባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። በወረቀቶቹ ሁሉ የአያቴ አባት ተብሎ የተጻፈው ይህ የፈረንሳይ ስም ነው። አያቴ ጥቁር፣ ረጅም፣ ፊቱ የሐበሻ ፊት ነበር፤ የፈረንጅ ልጅ ነው ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። ስለ ስሙ ሲጠየቅ «ሥራ ስገባ ተጻፈ» ይላል፤ ከዚያ በላይ አይጨምርም። አያቴ የሞተው አባቴ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ነው። ስለዚህ አባቴ ራሱን በራሱ ያሳመነበት ታሪክ አንድ ሰነፍ ጸሐፊ የአለቃውን ስም በአባት ቦታ ላይ አስፍሮ ሄደ የሚል ነው። በኋላ ናይሮቢ የስደተኞች ቢሮ ስንመዘገብ የአባቴ ሦስተኛ ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ለሦስታችንም ተሰጠን። እናቴ ምሬት በቀላቀለ ሳቅ፣ የራሴ አባት እያለኝ ያልወለደኝ ፈረንጅ ተለጠፈብኝ ትላለች።

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ስንገባ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ፓርኪንግ ሠራ፤ ሪሴሽኑ፣ ያ የኢኮኖሚ ቀውስ፣ መጥቶ ከዚያ ሲያስወጣው የሆቴል ሻትል መንዳት ጀመረ። እናቴ ሳን ሆዜ ሽማግሌዎች የሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፤ ለመሄድ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ባቡር፣ ከዚያ ላይት ሬይል የሚሉትን የከተማ ባቡር ትይዛለች። ሁላችንም ሁልጊዜ ይደክመናል። አባቴ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲፈታ አንዱን ፈትቶ ሌላውን ሳይፈታ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነው።

እንደዚያም ሆኖ አንድ ነገር አይለቅም ነበር። የዜግነት ማመልከቻው ላይ ስምዎን መቀየር ይፈልጋሉ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። አባቴ ይህን ጥያቄ ከሰማ ጀምሮ አሜሪካዊ የምሆነው በአባቴ እውነተኛ አባት ስም ነው ብሎ ቆረጠ። እውነተኛውን ስም ደግሞ አያውቀውም። ለሰው ደወለ፤ ለድሬዳዋ ሰዎች ደብዳቤ ላከ፤ የሚያውቅ ሁሉ ሞቷል ወይም ተሰዷል። ፎርሙ በየጊዜው ይቀየራል፤ እኔ አዲሱን ፕሪንት አድርጌ እሞላለሁ፤ ያቺ አንዲት መስመር ባዶ ትቀራለች። አሥራ ስምንት ሳይሞላኝ እሱ ዜጋ ቢሆን ኖሮ እኔም በእሱ በኩል ዜግነት አገኝ ነበር። እናቴ ይህን አትረሳለትም። በዚያ ዓመት ደግሞ የግሪን ካርዱ ጊዜ ሊያልፍበት ጥቂት ወራት ነበር የቀሩት።

ለምን እንደዚህ እንደሚያደርገው የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሱ ሥራ ሄዶ ሁለታችን ልብስ ስናጣጥፍ። ከእሷ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ልጅ ይወድ ነበር። ሽማግሌ ላከ። የልጅቷ ቤተሰቦች ከገጠር የመጡ፣ ዘር እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ የማይድሩ ሰዎች ነበሩ። ሽማግሌዎቹ የእሱን ስም አሉ፣ የአባቱን አሉ፣ ከዚያ ፈረንሳይኛው መጣና ቆመ። ከዚያ በላይስ ተባሉ። አንድ የቤቱ ሰው «ከዚያ በላይማ ፓሪስ ነው» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ነገሩ በሳቅ አለቀ፤ ሽማግሌዎቹም በዚያው ተመለሱ። የእናቴ ወላጆች የከተማ ሰዎች ስለነበሩ ሰባት ቤት አልጠየቁም።

«ቆጥሮላቸው ቢሆን ኖሮ አንቺም አልነበርሽም» አለችኝ፤ አንሶላውን በሁለት ጫፉ ይዛ እንድቀበላት እየጠበቀች። «አሁን የሚያስጨንቀው ያንቺ ነው። ነገ የሚጠይቅሽ ሲመጣ ምን ብዬ ልቁጠርላት ነው የሚለው።»

እኔ የሚጠይቀኝም የሚቆጥርልኝም አልነበረኝም። የነበረኝ ያላለቀ ጽሑፍ ነው። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የአባቴ ባዶ መስመርና የእኔ ሁለት ባዶ ገጽ አንድ ነገር ሆነው ታዩኝ፤ ሁለቱንም ሞልቼ ሁሉንም ማስደሰት ፈለግሁ።

ያንኑ ስማችንን የያዘች አንዲት ሴት ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ትኖር ነበር። ፖስተኛው የእሷን ደብዳቤ እኛ ሳጥን፣ የእኛን እሷ ሳጥን ይከታል፤ የተዋወቅነውም በዚሁ ነው። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ጡረታ ወጥታለች፤ ወላጆቿ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከብ ፋብሪካ ለመሥራት ከሉዊዚያና በባቡር መጥተው ኦክላንድ የቀሩ ናቸው። መጀመሪያ የተገናኙ ቀን አባቴን ሰዎችህ እነማን ናቸው ብላ ጠየቀችው። ኢትዮጵያ አላት። «ኢትዮጵያማ አገር ነው» አለችው፤ «እኔ የጠየቅሁህ ሰዎችህን ነው።» አባቴ ደብዳቤውን ሰጥቷት ደረጃውን ወጣ። ከዚያ በኋላ «ካዝን»፣ የአጎቴ ልጅ እንደ ማለት፣ እያለች ትጠራዋለች። አያስደስተውም፤ ግን ሰላምታ አይነፍጋትም።

ለጽሑፌ ብዬ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ፤ አባቴም ደብዳቤ ለማድረስ ብሎ ተከትሎኝ መጥቶ ቁጭ አለ። መጽሐፍ ቅዱሷን አምጥታ ከመጀመሪያው ገጽ የተጻፉትን ስሞች አሳየችን፤ ስድስት ትውልድ፣ በተለያየ እጅ፣ በተለያየ ቀለም። ከስድስተኛው በላይ ያለው ቅድመ አያቶቿን በባርነት የያዘው የስኳር አገዳ እርሻ ባለቤት ነው፤ ስሙ የእሱ ነበር። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። አባቴ ገጹን ብዙ ጊዜ ሲያየው ቆየ። ከዚያ እሱ ስሙን ሊጥለው እንደሚፈልግ ንገሪያት አለኝ። ነገርኳት።

«እኔም በወጣትነቴ ልጥለው ነበር፤ ያኔ ብዙ ሰው ይጥል ነበር» አለች። «እናቴ ግን፣ ተሸጠው የተበታተኑት ዘመዶቻችን ልጆች እኛን በምን ስም ይፈልጉን አለችኝ። ተውኩት።»

አባቴ በአማርኛ፣ እሷ የሚፈልጋት ሰው አላት፣ እኔን በዚህ ስም ማን ይፈልገኛል አለ። ይህን አልተረጎምኩላትም። ምን አለ ብላ ስትጠይቀኝ አመሰግናለሁ ይላል አልኳት።

ፈላጊው የተገኘው ሳን ሆዜ ነው። እናቴ የምትሠራበት ሕንፃ ውስጥ፣ በዚያው ፎቅ፣ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ይኖራሉ፤ ሰማንያ አምስት አልፏቸዋል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ እናቴ በአማርኛ ስልክ ስታወራ ሰምተው ሰላም ሊሏት ቀረብ አሉ፤ ከዚያ ደረቷ ላይ ያለውን ባጅ አነበቡ። ስሟን ትተው የመጨረሻውን ስም በጣታቸው ነክተው፣ ይሄ ስም አንቺ ዘንድ ምን ይሠራል አሏት። የባለቤቴ አያት ነው አለች። የአያቴንም ስም ነገረቻቸው። ሽማግሌው ማድረቂያው ላይ ተደገፉ። ለካ ድሬዳዋ ወርክሾፕ ገና ጎረምሳ ሆነው ሲገቡ ቶርኖ ያስተማራቸው አያቴ ነው።

እናቴ ያን ቀን ለአባቴ በሥራ ሰዓት ደወለች። እሱ በሥራ ሰዓት ስልክ አያነሳም። ሦስት ጊዜ ደወለች።

በቅዳሜው እኔና አባቴ ሄድን። እኔ ነዳሁ፤ አባቴ ከንጋት ሺፍት ወጥቶ ስለነበር ሄይዋርድ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ፀጉሩን በመስታወት አስተካከለ፤ ሸሚዙን ቀይሮ እንደነበር ያኔ ነው ያየሁት። ፎርሙ በፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ጭኔ አጠገብ ነበር። እስክሪብቶ ሁለት ይዣለሁ፤ አንዱ እምቢ ቢል ብዬ።

ሽማግሌው ቀጭን ናቸው፤ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርበዋል፤ ቴሌቪዥናቸው ድምፁ ጠፍቶ ይሠራል። አባቴ ጎንበስ ብሎ እንደምን ነዎት አባባ አላቸው።

«ነዎት?» አሉ። «የድሬ ልጅ ሆነህ አንቱ ትለኛለህ? ድሬ መቼ አንቱ ያውቅና። አሜሪካ ነው ያበላሸህ አዲስ አበባ?»

«አዲስ አበባ ሳይሆን አይቀርም» አለ አባቴ እየሳቀ። ብዙ ጊዜ ሲስቅ ስለማላየው አየሁት። እንደዚያም ሆኖ አንተ ሊላቸው አልቻለም፤ ሽማግሌው ግን ሁለታችንንም አንተና አንቺ አሉን።

ያን ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ወርክሾፑ አወሩ። አያቴ የብረት ድምፅ ሰምቶ መቁረጫው እንደደነዘ ያውቅ ነበር፤ ተማሪ ሲያጠፋ አይሳደብም፣ መሣሪያውን ከእጁ ወስዶ ራሱ ይሠራና ዝም ብሎ ይመልስለታል፤ ከስድቡ ያ ይብስ ነበር። አባቴ እያንዳንዱን ቃል እንደ ልጅ ቁጭ ብሎ ሰማ። አንዳንዱን እኔም ከራሱ ከአባቴ አውቀዋለሁ፤ እኔ አጥፍቼ ዕቃ ስሰብር አባቴም እንደዚያ ያደርጋል። በመጨረሻ የመጣንበትን ጠየቀ። ፎርሙን ከእኔ ተቀብሎ ባዶዋን መስመር አሳያቸው። ጸሐፊው ያጠፋውን ማረም እንደሚፈልግ፣ የአያቱን ትክክለኛ ስም ካወቁ እንዲነግሩት ለመናቸው።

ሽማግሌው ፎርሙን አራቁ፣ አቀረቡ። ያነበቡት አይመስለኝም። ከዚያ ለአባቴ መለሱለትና ዛሬ ደክሞኛል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ኑ አሉ። ስንወጣ አባቴ፣ ያውቁታል፣ አየሽ አይደል፣ ያውቁታል አለኝ። እኔም አይቻለሁ። ግን የሚያስደስት ነገር የሚያውቅ ሰው ፊት አልመሰለኝም። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም።

በዚያ ሳምንት መምህሬ ረቂቄን መለሰችልኝ። የወፍጮውን ታሪክ ወዳዋለች፤ ከታች ግን፣ ይህ የስሙ ታሪክ ነው፣ የአንቺስ የት አለ ብላ ጽፋለች። ቢሮዋ ሄጄ በሚቀጥለው ሰኞ እንደማመጣላት ቃል ገባሁ። ማስረጃ አለሽ ወይ አለችኝ። ሰው አለኝ አልኳት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሽማግሌው ሻይ አዘጋጅተው ጠበቁን። ቴሌቪዥኑን አጥፍተውታል። አባቴ ከመቀመጡ በፊት፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከዚያ ስሙን ከፈለግኸው እሰጥሃለሁ አሉት።

የነገሩን ይህ ነው። የአያቴ እናት ከአንድ ሰው ጋር ኖራ አረገዘች። ሰውየው በድሬዳዋ የታወቀ፣ ጉምሩክ በር ላይ ሚዛን የሚመዝን ሰው ነበር። እርግዝናዋ ሲታይ ካዳት። በሽማግሌ ፊት ከእኔ አይደለም ብሎ ማለ። እሷ ሆዷን ይዛ የቶርኖ ክፍል ኃላፊ የሆነ አንድ ፈረንሳዊ ቤት በወጥ ቤትነት ገባች፤ አያቴን የወለደችው እዚያው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ሚስትም ልጅም የለውም፤ ብዙ የማይናገር፣ ማታ ማታ ብቻውን የሚጠጣ ሰው ነበር። ሰው በልጁ ነገር አምቶታል፤ እሷ ግን እርጉዝ ሆና እንደገባች ሁሉም ያውቃል። ለሚሲዮን ትምህርት ቤት የአባት ስም ሲጠየቅ ፈረንሳዊው የራሱን የቤተሰብ ስም ሰጠ። ቶርኖም ያስተማረው እሱ ነው።

አያቴ ጎልምሶ በራሱ ስም ሊቀጠር ሲል ዋስ አምጣ ተባለ። ያን ጊዜ ሚዛን መዛኙ ነጭ ልብሱን ለብሶ ሳይጠራ መጣ። እኔ አባቱ ነኝ፣ ዋስ እሆነዋለሁ አለ። በባቡር ሥራ የገባ ልጅ ያኔ ትልቅ ሰው ነበር። ጸሐፊውም ደስ ብሎት ብዕሩን ቀለም ነክሮ ስሙን ሊጽፍ ሲል አያቴ እጁን መዝገቡ ላይ አደረገ።

«ይህን ሰው አላውቀውም አለው» አሉ ሽማግሌው። «አባቴ እዚያ ውስጥ ቶርኖ ላይ ያለው ነው፣ እሱን ጻፍ አለው። ጸሐፊው ራሱ ነው የነገረኝ። እሱ እቴ ምን አደረገ፣ የተባለውን ጻፈ።»

አባቴ ሻይውን አልነካም። ያ ሰውዬ በኋላ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ብዙ ዘመን ኖሯል፤ እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ከተማ። ከአያቴ ጋር ገበያ ላይ ይተላለፋሉ። ሲሞት አያቴ ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሞ ታይቷል፤ ከዚያ ወደ ሥራው ተመልሷል። ሰውም እሱ ፊት ነገሩን አንስቶ አያውቅም።

«ለእኔስ ለምን አልነገረኝም?» አለ አባቴ።

«ምን ብሎ ይንገርህ? አያትህ ካደኝ፣ እኔም ካድኩት ብሎ? ላንተ የሰጠህን ሰጥቶሃል።» ሽማግሌው ሻይውን ወደ እሱ ገፋ አድርገው፣ «ስሙን ልንገርህ ወይስ ይቅር?» አሉት።

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ ወደ ማኅደሩ አቀረቀርኩ።

«ይንገሩኝ» አለ።

ነገሩት። ተራ ስም ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ሦስት የማይጠፋ ዓይነት። የሰውየውንም አባት ያውቃሉ፤ እሱንም ጨመሩለት። ጥንቁቅ ስለሆንኩ ሁለቱንም በማስታወሻዬ ጻፍኩ፤ አነበብኩላቸው፤ ልክ ነው አሉ። ስንወጣ አባቴ እጃቸውን ሊስም ሲል ሽማግሌው ወደ ላይ ሳቡት፤ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ።

ስንመለስ ፍሪሞንት አካባቢ ትራፊኩ ቆመ። አባቴ አልተኛም። ዓይኑን ከፊታችን ካለው ጭነት መኪና ላይ ሳይነቅል «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጸሐፊውን ስረግም ኖርኩ» አለ።

እኔ ግን እንደ አሸናፊ ነበርኩ። ስሙ ተገኘ። ሰባት ቤት ባይሞላም አንድ ቤት፣ እንዲያውም ሁለት ቤት ጨምረናል። እሱ ሊታጠብ ሲገባ ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ባዶዋን መስመር በእርሳስ ሞላሁ፤ እሱ ሲያየው በእስክሪብቶ እንዳጸናው ብዬ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ የሚያነበው ሰው ሁሉ እንዲወደው አሳምሬ ጻፍኩ። እናቴ ከሥራ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ አየችው።

አባቴ ፎጣ ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። እናቴ ወንበር ሳበችለት።

«ይኸው ተገኘልህ» አለችው። «በል ፈርምና ሰኞ ሰብሚት ታድርገው።»

ቆሞ አነበበው። ተቀመጠ። እንደገና አነበበው። በጣቱ የጻፍኩትን ነካ፤ እርሳሱ ትንሽ ጣቱ ላይ ቀረ።

«አጥፊው» አለኝ።

እናቴ መጀመሪያ የሰማችው አልመሰላትም። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ በጣም በደከመ ድምፅ፣ ስንት ዓመት እንደጠበቀችው፣ የእኔ ወረቀት በእሱ ምክንያት እንደቀረ፣ ካርዱ ኤክስፓየር ሊያደርግ ምን ያህል እንደቀረው ነገረችው። ያልተገኘ ጊዜ ካልተገኘ አልፈርምም፣ የተገኘ ጊዜ ደግሞ አጥፊው፤ እኔ በየትኛው ልሂድ አለችው። ሽማግሌው የነገሩንን እሷ ገና አልሰማችም ነበር። አባቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት፤ ከእሳቸው ባጠረ ቃል። እሷም ኮቷን አውልቃ ተቀመጠች።

«አባቴ እፊቱ ቆሞ እምቢ ያለውን ሰው» አለ አባቴ፣ «እኔ መጥቼ አሜሪካ ፊት አባታችን ነው ልበል? አባቴ እጁን ከመዝገቡ ላይ ያነሳ እንደሆነ ነው እኔ የምጽፈው።»

እኔ ላጲስ ስፈልግ እሱ ቀጠለ፤ ወደ እኔ ዞሮ፤ «ስሙን ግን ደብተርሽ ላይ ያዢው። ለጋብቻ የሚጠይቅሽ ሰው የሚጠይቅሽ ደም ነው፤ ለእሱ እውነቱን ትቆጥሪለታለሽ፤ የእሱንም የአባቱንም። ለዚህ ወረቀት ግን አይሆንም።»

አጠፋሁት። በላጲስ ሲጠፋ ወረቀቱ ትንሽ ተላጠ፤ ያንን ገጽ በማግሥቱ እንደ አዲስ ፕሪንት አደረግሁት። ስም መቀየር ይፈልጋሉ ለሚለው ጥያቄ «አይ» የሚለው ሳጥን ላይ እሱ ራሱ ምልክት አደረገ። ፊርማውን ቀስ ብሎ ፈረመ፤ በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ በፈረንሳይኛው። ጽሑፌ ውስጥ ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ስለ ወፍጮው ጻፊ አለኝ። ሌላውስ አልኩት። ሌላው የእነዚያ ሰዎች ነው፣ አንቺም እኔም አልነበርንበትም አለ።

ሰኞ የሰጠሁት አራት ገጽና ግማሽ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል የገባሁትን ለመምህር ሳላደርስ ቀረሁ። ውጤቱ መጥፎ አልነበረም፤ ጥሩም አልነበረም። ከታች የአንቺ ክፍል ያልተሟላ ነው ብላለች። እውነቷን ነው። ያን ጊዜ ላስረዳት ፈልጌ ቢሮዋ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አሁን ይህን ለሰው የማሳየው አባቴ ካነበበው በኋላ ምንም ስላላለኝ ነው፤ ምንም አለማለቱን ፈቃድ አድርጌ ወሰድኩት።

አባቴ ለዜግነቱ ኢንተርቪው የተጠራው ከወራት በኋላ፣ በዝናብ ቀን ነው። እኔ መቆያው ክፍል ውስጥ ኮቱን ይዤ ጠበቅሁ። ከውስጥ አንዲት ሴት የፈረንሳይኛውን ስም ጮክ ብላ ስትጠራ ሌሎች ዙሪያቸውን አዩ፤ እሱ ተነሥቶ ገባ። ውስጥ የሆነውን በኋላ መኪና ውስጥ ነው የነገረኝ። መኮንኑ ወጣት ነው። ፋይሉን እያገላበጠ ስሙ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየው፤ ፈረንሳይኛ አይደለም ወይ አለው። አዎ አለ። እዚህ መቀየር እንደሚችል ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። አውቃለሁ አለ።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ማይ ፋዘር፣ ሂ ፒክ ኢት አልኩት።» አባቴ ነው የመረጠው ማለቱ ነው።

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም። ኦኬ አለና ወደ ፈተናው ጥያቄ አልፎ፣ ሴኔተሮች ለስንት ዓመት ነው የሚመረጡት ብሎ ጠየቀኝ።»